የጠፋው ሹፌር



የዚህን ወር ጉዳይ ያመጣችልኝ ታላቅ እህቴ ናት። ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ እዚሁ ሀዋሳ፣ ታቦር ተራራ ግርጌ ካለው ቤቷ ደወለችልኝ። ድምጿን ስሰማ ሰው የሞተ መስሎኝ ደነገጥኩ። «የልጅቷ ኮምፒውተር ተቃጠለ! ማክሰኞ ደግሞ ሥራዋን ማስረከብ አለባት» አለችኝ።

ልጅቷ የአራተኛ ዓመት የአርክቴክቸር ተማሪ ናት። ላፕቶፑ ከሁለት ዓመት በፊት እህቴ ዕቁብ ሲወጣላት የተገዛ ነው፤ ያገለገለ ቢሆንም ጠንካራ ማሽን ነው። ሰሞኑን ቀርፋፋ ሆነባቸውና ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስደው ፎርማት አስደረጉት። ሲመለስ ፍጥነቱ ተሻሽሏል፤ ሌላው ነገር ግን ተበላሽቷል። ፊደሉ እንደ ሱቅ ታፔላ ገዝፏል። ቪዲዮ ሲከፈት ይንተባተባል። የስክሪኑን ብርሃን እንቀንስ ቢሉ አይቀንስም። ሕንፃ የምትስልበት ፕሮግራም ደግሞ ገና በቅጡ ሳይከፈት ራሱን ይዘጋል። መልሰው ቢወስዱት «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፤ በላፕቶፕ ላይ ደግሞ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ስለሆነ ቦርዱ በሙሉ መቀየር አለበት» ተባሉ። ዋጋው 30 ሺህ ብር። የእህቴ ባል «ዕጣ አስቀድሙልኝ» ብሎ የዕቁቡን ዳኛ ሊለምን ጫማውን እያሰረ ነበር።

«እስክመጣ ድረስ የትም እንዳትሄዱ» ብዬ ባጃጅ ያዝኩ።

እንደደረስኩ ያደረግኩትን ነገር እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ፤ ምንም ሙያ አይጠይቅም። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሠሪው ኩባንያ አርማ ብቅ ይላል። በዚያች ቅጽበት የዊንዶውስ ግራፊክስ ድራይቨር ገና ሥራ አልጀመረም። ስለዚህ አርማው ራሱ ላይ መስመር ከተጋደመ፣ ቀለሙ ከተዘበራረቀ ወይም ነጠብጣብ ከታየ ችግሩ የዕቃው ነው፤ ካርዱ፣ ኬብሉ ወይም ስክሪኑ ሊሆን ይችላል። አርማው ጥርት ብሎ ታይቶ ጣጣው የሚመጣው ዊንዶውስ ከተነሳ በኋላ ከሆነ ግን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሶፍትዌሩ ነው። የልጅቷ ላፕቶፕ አርማ እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነበር።

ቀጥሎ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዤ ኤክስ የሚለውን ፊደል ነካሁ፤ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ «ዲቫይስ ማኔጀር» የሚለውን ከፈትኩ። እዚያ ውስጥ «ዲስፕሌይ አዳፕተርስ» የሚል መስመር አለ። ስዘረጋው «ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር» ይላል። ሌላ ምንም የለም። የእህቴ ልጅ ከትከሻዬ ላይ አጮልቃ እያየች፣ «አጎቴ፣ ድራይቨሩ የለም ማለት ነው?» አለች።

«የምን ሹፌር ነው ደግሞ?» አለች እህቴ ከወጥ ቤት።

ሳቅን። ግን እውነቷን ነው፤ ቃሉ ሹፌር ማለት ነው። እንዲህ አስቡት። መናኸሪያ ውስጥ አንድ አውቶቡስ ቆሟል። ሞተሩ ደህና ነው፣ ጎማው ደህና ነው፣ ሹፌሩ ግን የለም። መንገድ እንዳይዘጋ ረዳቱ በአንደኛ ማርሽ ወደ ጥግ ያስጠጋዋል። ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር የሚባለው ያ ረዳት ነው። ማይክሮሶፍት በየትኛውም ኮምፒውተር ላይ ቢያንስ ምስል እንዲታይ ብሎ ዊንዶውስ ውስጥ የሚያስቀምጠው ነው። አውቶቡሱን ከመናኸሪያ አውጥቶ ሻሸመኔ ድረስ ግን አይነዳም። ቪዲዮውን የሚያቀላጥፈው፣ ብርሃኑን የሚቀንሰው፣ የሥዕል ፕሮግራሙን የሚያስነሳው የዚያን የግራፊክስ ቺፕ ቋንቋ የሚያውቀው ትክክለኛው ድራይቨር ነው። ኮምፒውተሩ ፎርማት ሲደረግ አሮጌው ሹፌር አብሮ ተሰናብቷል፤ አዲስ የቀጠረለት ሰው የለም።

ጠጋኞችን ሁሉ ለመውቀስ አይደለም፤ ስንቱን ችግሬን የፈቱልኝን አውቃለሁ። ብዙ ቦታ ፎርማት የሚደረገው ኢንተርኔት ሳይገናኝ ነው፤ ዊንዶውስም ኢንተርኔት ካላገኘ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ማምጣት አይችልም። በዚያ ላይ ወረፋ አለ፣ መብራት ይሄዳል። ግን ዕቃችሁን ስትረከቡ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት «እስቲ ዲቫይስ ማኔጀርን ክፈትልኝ» ማለት መብታችሁ ነው። እዚያ ዝርዝር ውስጥ ቢጫ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ነገር ካለ፣ ወይም ዲስፕሌይ አዳፕተር ላይ «ቤዚክ» የሚል ቃል ካያችሁ ሥራው አላለቀም።

እንግዲህ ትክክለኛውን ሹፌር ለመቅጠር መጀመሪያ መኪናው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ቤታችን ባሉት የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ውስጥ የግራፊክስ ቺፕ የሚሠሩት በአብዛኛው ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፤ ኢንቴል፣ ኤኤምዲ እና ኤንቪዲያ። (ኤቲአይ የሚል አሮጌ ተለጣፊ ካያችሁ ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2006 የገዛው ኩባንያ ነውና እዚያው ሂዱ።) ድራይቨሩ ጠፍቶ ስሙ ባይታይም ቺፑ መታወቂያውን አይደብቅም። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ በዚያ መስመር ላይ ቀኙን የማውስ ቁልፍ ተጭናችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ዲቴይልስ»፣ ከዚያ ከዝርዝሩ «ሃርድዌር አይዲስ» የሚለውን ምረጡ። «ቬን» ከሚለው ምህጻረ ቃል ቀጥሎ 8086 ካለ ኢንቴል ነው፤ ቁጥሩ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የታዋቂው ፕሮሰሰር ስም ነው፣ መታወቂያቸው አድርገውታል። 1002 ካለ ኤኤምዲ ነው። 10 ብሎ ዲ እና ኢ የሚሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት ከተከተሉ ኤንቪዲያ ነው።

የልጅቷ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ቺፕ ተገኘ። ይህ የተለመደ ነው፤ ለዲዛይን ወይም ለጨዋታ በተሠሩ ላፕቶፖች ላይ ኢንቴሉ ቀላሉን ሥራ ባትሪ እየቆጠበ ይሠራል፣ ኤንቪዲያው ከባዱን ይሸከማል። ሁለቱም የየራሳቸው ድራይቨር ያስፈልጋቸዋል። እኔ የኢንቴሉን አስቀድማለሁ፣ የኤንቪዲያውን አስከትላለሁ።

ከየት ይወርዳል? እዚህ ላይ ነው ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው። የድራይቨር ስም ጎግል ላይ ስትጽፉ ከላይ የሚመጡት አንዳንዶቹ ማስታወቂያዎች ናቸው። ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ፣ «ኮምፒውተርዎ 27 ችግሮች አሉበት» የሚል ማስፈራሪያ፣ ከዚያ የዶላር ክፍያ ጥያቄ። አንዳንዱ ከድራይቨሩ ጋር የማትፈልጉትን ፕሮግራም፣ ሲብስም ቫይረስ አዝሎ ይመጣል። ይህን አስምሩበት፦ እነዚህ ሦስት ኩባንያዎች ለግራፊክስ ድራይቨር ገንዘብ አይጠይቁም። ክፍያ የጠየቃችሁ ካለ የተሳሳተ በር አንኳኩታችኋል።

ለላፕቶፕ ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረው የላፕቶፑን ሠሪ ድረ ገጽ ነው፤ ዴል፣ ኤችፒ፣ ሌኖቮ፣ የትኛውም ይሁን። ላፕቶፑን ገልብጡት፤ ከሥሩ ተለጣፊ ላይ የመለያ ቁጥር አለ፣ ዴል «ሰርቪስ ታግ» ይለዋል። ያንን ቁጥር የድጋፍ ገጻቸው ላይ ስታስገቡ ለእናንተው ማሽን የተዘጋጀውን ድራይቨር ዘርዝሮ ያቀርባል። ያገለገለ ዕቃ ላይ ተለጣፊው ብዙ ጊዜ ይፋቃል። ያኔ የዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ክፈቱ፤ «ሲስተም ሞዴል» ከሚለው ፊት ለፊት ስሙን ታገኛላችሁ። «ሲስተም ታይፕ» የሚለውንም እዚያው እዩ፤ 32 ቢት ነው ወይስ 64 የሚለውን ካሳሳታችሁ የወረደው ፋይል አይጫንም። ዳታ እንዲሁ ባክኖ ይቀራል።

ስለ ዳታ ካነሳን፣ የግራፊክስ ድራይቨር ትንሽ ነገር አይደለም። የኤንቪዲያው ብቻውን ከግማሽ ጊጋባይት ይበልጣል። በስልክ ሆትስፖት ከምታወርዱት የሌሊት ጥቅል መግዛት ወይም ቢሮ ዋይፋይ ላይ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይሻላል። ጥሩ ዋይፋይ ያለው ቤት ደግሞ ሌላ አቋራጭ አለው፤ ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ብላችሁ «ኦፕሽናል አፕዴትስ» የሚለውን ብትከፍቱ ማይክሮሶፍት ራሱ ያዘጋጀላችሁ ድራይቨር ተቀምጦ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ለኢሜይልና ለፊልም ብቻ ለሚያገለግል ኮምፒውተር ይህ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ አትድከሙ።

እኛ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የልጅቷ ጓደኛ ቤት ዋይፋይ ላይ አወረድነው። ጭነቱ ራሱ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሁለት ነገር ብቻ አስጠንቅቃለሁ። አንደኛ፣ ባትሪው ሞልቶ ቻርጀሩ ይሰካ፤ ዴስክቶፕ ከሆነ ዩፒኤስ የሌለው ሰው መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አይጀምር። ሁለተኛ፣ መሀል ላይ ስክሪኑ ለጥቂት ሰከንድ ጥቁር ይሆናል፣ ብልጭ ይላል፣ መጠኑ ይቀያየራል። አሮጌው ሹፌር ወርዶ አዲሱ ሲቀመጥ ነው። የእህቴ ባል በዚያች ቅጽበት «ገደልከው!» ብሎ እጁን ወደ ማጥፊያው ሰደደ፤ ልጁ ናት የያዘችው።

ስክሪኑ ሲመለስ ፊደሉ ወደ ልኩ ገባ። እህቴ እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጥታ «ይኸው ነው?» አለች። ይኸው ነው። የቀረው አንድ ቅንጅት ነበር፤ «ሴቲንግስ» ውስጥ «ዲስፕሌይ»፣ ከዚያ «ግራፊክስ» ገብተን የሥዕል ፕሮግራሙ በጠንካራው ቺፕ እንዲሠራ «ሃይ ፐርፎርማንስ» የሚለውን መረጥንለት። ይህን ሳያደርጉ ፕሮግራሙ በደካማው ቺፕ እየዳኸ «ላፕቶፑ አይረባም» የሚሉ ተማሪዎች ጥቂት አይደሉም።

ቤታችሁ ውስጥ ጨዋታ የሚወድ ልጅ ካለ ደግሞ በየሳምንቱ «አዲስ ድራይቨር ወጥቷል» እያለ ዳታ ሲያስጨርሳችሁ ይሆናል። አዲስ ጨዋታ ሲገዛ አዲስ ድራይቨር ሊጠቅመው ይችላል። ኤንቪዲያ ለጨዋታ «ጌም ሬዲ»፣ ለዲዛይንና ለቪዲዮ ሥራ ደግሞ ቀስ ብሎ የሚታደስ «ስቱዲዮ» የተባለ ለይቶ ያዘጋጃል፤ የእህቴ ልጅ የጫነችው ስቱዲዮውን ነው። ከዚያ ውጭ ግን ደህና የሚሠራን ነገር ባትነኩት እመርጣለሁ። እ.ኤ.አ. በማርች 2010 ኤንቪዲያ 196.75 የሚል ቁጥር ያለው ድራይቨር አውጥቶ በአንዳንድ ካርዶች ላይ ማቀዝቀዣውን እያስቆመ ካርዱ እንዲግል በማድረጉ በቀናት ውስጥ ለመሰብሰብ ተገዷል። አዲሱ ካልተስማማችሁ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ድራይቨር» ብላችሁ «ሮል ባክ ድራይቨር» የሚለውን ስትጫኑ ወደ ቀድሞው ይመልሳችኋል።

አሮጌ ዴስክቶፕ ያላችሁ ደግሞ አዲሱን ባታገኙ አትገረሙ። ኤንቪዲያ ለ600 እና ለአብዛኞቹ 700 ተከታታይ የዴስክቶፕ ካርዶቹ አዲስ የጨዋታ ድራይቨር ማውጣት ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ለእነሱ በ47 የሚጀምረውን ቁጥር ፈልጉ። ዊንዶውስ 10ም ቢሆን የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ስለዚህ ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ የሻጩን «ግራፊክሱ ኃይለኛ ነው» ሰምታችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ሞዴሉን ጻፉና የሠሪው ድረ ገጽ ላይ ለዊንዶውስ 11 ድራይቨር እንዳለው አይታችሁ ክፈሉ። ሻጩ ከተቆጣ ሌላ ሻጭ አለ።

እና አቧራ። ድራይቨሩ ትክክል ሆኖ ኮምፒውተሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብቻ የሚንተባተብ ከሆነ፣ በተለይ በበጋው ሙቀት፣ ማቀዝቀዣውን አስጸዱት። አልጋና ሶፋ ላይ የምታስቀምጡም ተዉ፤ አየር የሚያስገባው ቀዳዳ ከሥሩ ነው።

ልጅቷ ማክሰኞ ሥራዋን አስረከበች። የእህቴ ባል ለዕቁቡ ዳኛ ደውሎ ነገሩን እንደተወው ነገረው፤ ለእኔም አሞራ ገደል ወስዶ ዓሣ ጋበዘኝ። ልሰናበት ስል እህቴ በር ድረስ ሸኝታኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«ፕሪንተሩም ሰሞኑን እምቢ ብሏል፤ እሱም ሹፌር አለው እንዴ?» አለችኝ።

አለው።