የጺማሙ እንሽላሊት መኖና የመተማ ፀሐይ

በመተማ ዮሐንስ ረፋድ ላይ በድንጋይ ካብ ወይም በቤት ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ራሱን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ እንሽላሊት ማየት ብርቅ አይደለም። ምን ይበላል ብሎ የሚጨነቅለት ግን የለም። የአውስትራሊያ ተወላጅ የሆነውና ከዚሁ ከእኛው እንሽላሊት ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደበው «ጺማም ዘንዶ» ዕጣው ሌላ ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በመስታወት ሣጥን ውስጥ የቤት እንስሳ ሆኖ ሲኖር፣ ባለቤቱ የካልሲየም ዱቄትና የቫይታሚን ዲ3 ብልቃጥ ይገዛለታል። የመተማው ዘመዱ በነፃ የሚያገኘው፣ እርሱ ግን በገንዘብ የሚገዛለት ነገር ምንድን ነው? በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ የመኖ ከመሆኑ በፊት የብርሃን ጥያቄ ነው።

መኖውን እናስቀድም። ለአካለ መጠን የደረሰ ጺማም ዘንዶ፣ እንደ ግልገሉ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ቅጠል ይበላል፤ ነፍሳት የሚሰጡት በሳምንት ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ችግሩ ፌንጣና መሰሎቹ ፎስፎረስ የበዛባቸው፣ ካልሲየም ያነሳቸው መሆናቸው ነው፤ የእንስሳው አካል ደግሞ ካልሲየሙ የፎስፎረሱን እጥፍ ያህል እንዲሆን ይሻል። ጉድለቱን አካሉ ከገዛ አጥንቱ ይበደራል፤ መንጋጋው ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል። በነፍሳቱ ላይ የካልሲየም ዱቄት የሚነሰነሰው ስለዚህ ነው። ከቅጠል ወገን የእኛ ጎመን ጥሩ ምግቡ በሆነ ነበር፤ ቆስጣ ግን አረንጓዴነቱ ሊያታልለን አይገባም፣ በውስጡ ያለው ኦክሳሊክ አሲድ ካልሲየሙን አስሮ ያስቀረዋልና። የመተማ ኩራት የሆነው ሰሊጥም (ቅባቱ ስለሚበዛ ለእንሽላሊት ባይሆንም) ካልተፈተገ በካልሲየም የበለጸገ ነው፤ ሆኖም አብዛኛው ካልሲየም በገለባው ውስጥ በዚሁ አሲድ ተይዞ ይገኛል። በምግብ ሠንጠረዥ ላይ የተጻፈው ቁጥርና ደም ውስጥ የሚደርሰው ቁጥር አንድ አይደሉም።

ያልታሰረው ካልሲየም እንኳ ያለ ቫይታሚን ዲ የአንጀትን ግድግዳ እንደልብ አያልፍም። ፊዚክስ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በቆዳ ውስጥ የሚገኝ 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል የተባለ ሞለኪውል፣ የሞገድ ርዝመቱ ከ315 ናኖሜትር ያነሰ የአልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ቀለበቱ ይከፈትና ቅድመ ቫይታሚን ዲ3 ይሆናል። ቀጥሎ የቆዳው ሙቀት ይህን ወደ ቫይታሚን ዲ3 ይለውጠዋል። ስለዚህ እንስሳው ብርሃንም ሙቀትም ያስፈልገዋል፤ ሁለቱም በአንድ የጋለ ድንጋይ ላይ ይገኛሉ። ተራ የመስኮት መስታወት ግን የሚታየውን ብርሃን አሳልፎ ይህንን ጨረር ከሞላ ጎደል ያስቀረዋል። በመስኮት አጠገብ የተቀመጠ ሣጥን ለዓይን ብሩህ ነው፤ ለቆዳ ግን ጨለማ ነው።

«ታዲያ ቫይታሚኑን በዱቄት እንስጠዋ» የሚሉ አሉ። የማልስማማው በዚህ ነው። ፀሐይ የራሷ ልጓም አላት፤ ቅድመ ቫይታሚኑ ሲበዛ ያው ጨረር ራሱ ሉሚስቴሮልና ታኪስቴሮል ወደተባሉ ሌሎች ውሁዶች ይለውጠዋል። በፀሐይ ብዛት በቫይታሚን ዲ መመረዝ የሌለውም በዚህ ምክንያት ነው። ብልቃጡ ግን ልጓም የለውም፤ ሲበዛ ካልሲየም በኩላሊትና በደም ሥር ይጋገራል። የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ ጨረሩን ያገኙ የጺማም ዘንዶ ግልገሎች በደማቸው የተገኘው የቫይታሚኑ ክምችት በአፍ ከተሰጣቸው ወደ 18 እጥፍ በልጦ ነበር። የካልሲየም ዱቄቱን አልቃወምም፤ የምቃወመው ዱቄት የብርሃንን ቦታ እንዲወስድ መደረጉን ነው። በሰሜን አውሮፓ ክረምት ፀሐይ ዝቅ ብላ ስለምትጓዝ ጨረሩ በኦዞን ውስጥ ረጅም መንገድ አቋርጦ ተመጥጦ ያልቃል፤ ስለዚህ ልዩ መብራት ግድ ነው። መብራቱም ቢሆን የአልትራቫዮሌት ኃይሉ እየደከመ ሲሄድ ለዓይን እንደበፊቱ ማብራቱን ይቀጥላል። መተማ ግን በ13 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ስለምትገኝ ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አጋማሽ ገደማ ቀጥ ብላ ከአናቷ ላይ ትቆማለች።

ነገሩ የእንሽላሊት ብቻ መስሎ ለሚታየው አንባቢ አንድ ጥናት ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ1997 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመ፣ በአዲስ አበባ የተካሄደ ጥናት፣ በሳንባ ምች ከታመሙ 500 ሕፃናት በ210ሩ ላይ ሪኬትስ የተባለውን የአጥንት መለስለስ በሽታ አግኝቷል፤ ለንጽጽር ከተመረመሩት 500 ሕፃናት ግን በ20ው ላይ ብቻ። ይህ የሆነው «የ13 ወር ፀሐይ» በምንላት አገር ነው። ተጠቅልሎ በቤት ውስጥ የሚውል ሕፃንና በመስታወት ሣጥን ውስጥ የሚኖር እንሽላሊት በቆዳቸው ላይ የሚያርፈው ፎቶን ቢቆጠር ልዩነታቸው ትንሽ ነው።

እንሽላሊት ይዛችሁ በሣጥን አኑሩ አልላችሁም፤ ከግድግዳው ከወረደ የሚያጣውን አይተናል። በመተማም ሆነ በጎንደር ያላችሁ ተማሪዎች ግን አንድ ቴርሞሜትርና ሰዓት ይበቃችኋል። በጥር ስንት ደቂቃ ፀሐይ ይሞቃል? አየሩ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሚያዝያስ በስንት ሰዓት ወደ ጥላው ይገባል? መዝግባችሁ ብትልኩልን በዚሁ መጽሔት ላይ ለማውጣት ደስተኞች ነን።