“አይበገሬ” ስልኮች ከየት በኩል ይሸነፋሉ?

ሰኔ 13 ቀን 2017 ዓ.ም በአውሮፓ ኅብረት አባል ሀገራት ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ የስልክ አምራቾች ስለ ምርታቸው ጥንካሬ የሚናገሩትን በቁጥር እንዲያስሩት አስገድዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለኅብረቱ ገበያ የሚቀርብ፣ ስክሪኑ የማይታጠፍ ስማርት ስልክ ያለ ምንም መሸፈኛ 45 ጊዜ ወድቆ ሥራውን መቀጠል ይጠበቅበታል። ባትሪው 800 ጊዜ ተሞልቶ ካለቀ በኋላ ከመነሻ አቅሙ ቢያንስ 80 በመቶውን መያዝ አለበት። ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላም ዋና ዋና መለዋወጫዎቹ ለ7 ዓመታት፣ የሶፍትዌር ማዘመኛው ደግሞ ለ5 ዓመታት መቅረብ ይኖርባቸዋል።

ከእነዚህ ግዴታዎች መውደቅን የሚመለከተው አንዱ ብቻ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የተቀሩት ስለ ባትሪ፣ ስለ መለዋወጫና ስለ ሶፍትዌር የሚናገሩ ናቸው። ጠንካራ እየተባሉ የሚሸጡትን ስልኮች ለዓመታት የያዙ ሰዎች የሚያነሧቸው ቅሬታዎችም በአመዛኙ ወደዚያው ያዘነብላሉ። ስልኩ ከግንብ ላይ ወድቆ፣ ጭቃ ውስጥ ተረግጦ፣ ዝናብ ወርዶበት ይተርፋል። ዓመታት ሲቆጠሩ ግን ቻርጅ አልቀበል ይላል፤ ባትሪው እኩለ ቀን ሳይደርስ ያልቃል፤ የለመዱት መተግበሪያም አልከፈት ይላል። አካሉ ሳይሰበር ስልኩ ይሞታል።

ጎማ የለበሱትና አካላቸው የወፈረው እነዚህ ስልኮች በተለይ ለግንባታ ሠራተኛ፣ ለአርሶ አደር፣ ለሾፌርና ለማዕድን ቆፋሪ ታስበው የሚሠሩ ናቸው። በዓለም ገበያ ካት፣ የሳምሰንግ ኤክስከቨር፣ ዱጊ፣ ዩሌፎን፣ ብላክቪውና ኡኪቴል በዚህ ዘርፍ የሚታወቁ ስሞች ናቸው። ሐሳቡ ግን አዲስ አይደለም። ኖኪያ በፈረንጆቹ 2003 ያወጣው 1100 የተባለው ስልክ አቧራ የማያስገባ የቁልፍ ሰሌዳና የእጅ ባትሪ የነበረው ሲሆን ከ250 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ያ ስልክ ማንም በጣቱ ከፍቶ የሚቀይረው ባትሪ ነበረው፤ ጊዜው አለፈበት የሚባል መተግበሪያም አልነበረውም። ዛሬ ብዙዎች “የድሮ ስልክ ነበር ስልክ” ሲሉ የሚያመሰግኑት የፕላስቲኩን ጥንካሬ ይመስላቸዋል። ምስጋናው የሚገባው ግን በአብዛኛው ለእነዚህ ሁለቱ ነው።

በስልኮቹ ካርቶን ላይ ከሚታዩት ምልክቶች ቀዳሚው “አይፒ68” የሚለው ነው። መለኪያው የዓለም አቀፉ የኤሌክትሮ ቴክኒክ ኮሚሽን ነው። የመጀመሪያው አኃዝ 6 አቧራ ፈጽሞ እንደማያስገባ ያመለክታል። ሁለተኛው አኃዝ ስለ ውኃ ይናገራል፦ 7 ከሆነ ስልኩ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ 8 ከሆነ ከዚያ በከበደ ሁኔታ ይፈተናል፣ ጥልቀቱንና ጊዜውን የሚወስነው ግን አምራቹ ራሱ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አይፒ68 የሆኑ ስልኮች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። ውኃ ውስጥ መጥለቅን የቻለ ስልክም በግፊት የሚረጭ ውኃን ይችላል ማለት አይደለም፤ ለዚያ የተለየ ፈተናና የተለየ ቁጥር አለው። ከሁሉም በላይ ፈተናው የሚካሄደው በአዲስ ስልክና በንጹሕ ውኃ ነው። ላብ፣ ሳሙናና ጨዋማ ውኃ በዚያ ቁጥር ውስጥ የሉም።

“የወታደራዊ ደረጃ” የሚለው ሁለተኛው ምልክት ይበልጥ ያሳስታል። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ከ1962 (እ.አ.አ) ጀምሮ የሚያወጣው “ሚል ስታንዳርድ 810” የተባለ ሰነድ አለ፤ “ኤች” የተሰኘው እትሙ የወጣው በ2019 ነው። ሰነዱ የፈተና ዘዴዎች ስብስብ እንጂ የብቃት ማረጋገጫ አይደለም። ስልክ ሻጮች የሚጠቅሱትን ማረጋገጫ የሚሰጥ የመንግሥት አካል የለም። አምራቹ ከብዙዎቹ ፈተናዎች የሚስማማውን መርጦ ራሱ ይፈትናል ወይም ያስፈትናል። በሰፊው የሚጠቀሰው የመውደቅ ፈተና ከ1 ሜትር ከ22 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 26 ጊዜ፣ በአርማታ ላይ በተነጠፈ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ኮምፔንሳቶ ላይ የሚደረግ ነው። ሃያ ስድስቱ ውድቀቶች እስከ አምስት ለሚደርሱ ስልኮች እንዲከፋፈሉም ሰነዱ ይፈቅዳል። ከግንባታ መወጣጫ ላይ ወደ ድንጋይ ክምር የሚወድቅ ስልክ ይህን ፈተና አልተፈተነም።

ክብደት ሌላው ነገር ነው። ትልቅ ባትሪ የያዙት ጠንካራ ስልኮች ከ500 ግራም በላይ የሚመዝኑበት ጊዜ አለ። ተራ ስማርት ስልክ ግን ወደ 200 ግራም ገደማ ነው። ከእኩል ከፍታ ሲወድቁ ከባዱ ከቀላሉ ሁለት እጥፍ ተኩል ኃይል ተሸክሞ መሬት ይደርሳል። ጎማው የመጀመሪያ ሥራው ስልኩ ራሱ ያመጣውን ተጨማሪ ክብደት መመከት ይሆናል ማለት ነው። መስተዋቱም ቢሆን የቱንም ያህል ቢጠነክር ከአሸዋ ውስጥ የሚገኘው ኳርትዝ የተባለ ማዕድን ይበልጠዋል። ከእርሻ ወይም ከግንባታ ቦታ አቧራ ጋር በኪስ ውስጥ የሚውል ስክሪን በጥቃቅን ጭረቶች ይሞላል። ባለቤቱ “አሥር ጊዜ ወድቆ ምንም ያልሆነ ስልክ በአሥራ አንደኛው ተሰነጠቀ” ብሎ ሲገረም፣ ዐሥረኛው ውድቀትና የኪሱ አሸዋ የሠሩትን ሥራ እየረሳ ነው።

ነገሩ በትክክል የሚበላሸው ግን በቻርጀር ማስገቢያው በኩል ነው። ብዙዎቹ ጠንካራ ስልኮች ማስገቢያውን በጎማ ክዳን ይሸፍኑታል። ስልኩ ቻርጅ በተደረገ ቁጥር ክዳኑ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆን እንኳ በዓመት 365 ጊዜ መሆኑ ነው። ጎማው በፀሐይና በላብ ይደርቃል፤ ቀጭኗ ማንጠልጠያው ትበጠሳለች። ክዳኑ በጠፋበት ቀን ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከስልኩ ጋር የነበረው ዝምድና ያበቃል፤ ባለቤቱ ግን አሁንም ውኃ የማያስገባ ስልክ የያዘ ይመስለዋል። ክዳን የሌላቸው አዳዲስ ሞዴሎች በውስጥ በኩል ስለታሸጉ ውኃው ወደ መሣሪያው ልብ አይገባም፤ እርጥብ ማስገቢያ ላይ ቻርጀር ሲሰካ ግን የብረት ነቁጦቹ ይዝጋሉ።

ይህ ከፍርድ ቤት የደረሰ ጉዳይ ነው። የአውስትራሊያ ፌዴራል ፍርድ ቤት በሰኔ 2014 ዓ.ም የሳምሰንግን የአውስትራሊያ ቅርንጫፍ 14 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ቀጥቷል። ኩባንያው አንዳንድ የጋላክሲ ስልኮቹ በመዋኛ ገንዳና በባሕር ውኃ ውስጥ ማገልገል እንደሚችሉ የሚያስመስል ማስታወቂያ ነበረው፤ ስልኮቹ ከረጠቡ በኋላ ሳይደርቁ ቻርጅ ቢደረጉ ማስገቢያቸው ሊዝግ የሚችል ሆኖ ሳለ። የጣሊያን የውድድር ባለሥልጣንም በኅዳር 2013 ዓ.ም አፕልን 10 ሚሊዮን ዩሮ ቀጥቷል። ባለሥልጣኑ ያነሣው የውኃ መቋቋም ብቃቱ በተወሰነ የቤተ ሙከራ ሁኔታ ብቻ የሚሠራ መሆኑ በማስታወቂያው በግልጽ አለመነገሩን ነው። ውኃ ያደረሰው ጉዳትም በዋስትናው አይሸፈንም ነበር። ሁለቱ ጉዳዮች ተራ ስማርት ስልኮችን የሚመለከቱ ቢሆኑም ጠንካራ ስልክ የሚገዛ ሰው ሊያነበው የሚገባው ክፍል እዚያው ነው፦ ካርቶኑ “ይችላል” ያለውን የዋስትና ወረቀቱ “አላውቅም” ሊለው ይችላል።

ባትሪን በተመለከተ የእነዚህ ስልኮች ባለቤቶች የሚሰጡት ምስክርነት ሁለት ዓይነት ነው፤ ሁለቱም እውነት አላቸው። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ 20 ሺህ ሚሊ አምፒር አወር እና ከዚያ በላይ የሚይዝ ባትሪ ትልቅ እፎይታ ነው። ቻርጅ የሚደረግበት ጊዜ ስለሚራራቅ ባትሪው የሚያረጅበት ፍጥነትም ይቀንሳል። በሌላ በኩል የሊቲየም ባትሪ ዋነኛ ጠላት ሙቀት ነው፤ ወፍራም ጎማ ደግሞ ሙቀትን አምቆ ይይዛል። በፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ቻርጅ የሚደረግ ስልክ በዚህ በኩል ይጎዳል። ያረጀ ባትሪ ሲያብጥ የስልኩን ጀርባ ከውስጥ ይገፋዋል፤ ማጣበቂያው ይላቀቃል፤ ውኃ መከላከያውም አብሮ ይሄዳል። አንዱ ድክመት ሌላውን የሚጠራው እንዲህ ነው።

ቀሪው ጉዳይ ከስልኩ ውጭ ያለው ነው። የካትን ስም ይዞ ስልክ ያመርት የነበረው የእንግሊዙ ቡሊት ግሩፕ በጥር 2016 ዓ.ም ወድቋል። ኩባንያው በ2016 (እ.አ.አ) ሙቀትን የሚያይ ካሜራ የተገጠመለትን ካት ኤስ60 ያወጣ፣ ቆየት ብሎም ኔትወርክ በሌለበት ቦታ በሳተላይት መልእክት የሚልክ ስልክ ያቀረበ ነበር። የሳተላይት አገልግሎቱ ግን ከኩባንያው ጋር የተሳሰረ ነበር። ከ1 ሜትር ከ80 ከፍታ ወድቆ የማይሰበር ስልክ የሠራው ድርጅት ራሱ ሲወድቅ፣ ባለቤቶቹ እጅ ላይ የቀረው ማዘመኛ የማይጠብቅና መለዋወጫው ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ጠንካራ አካል ነው። የጃፓኑ ኪዮሴራም በግንቦት 2015 ዓ.ም ለግለሰብ ተጠቃሚዎች ስማርት ስልክ ከማምረት እንደሚወጣ አስታውቋል።

ሶፍትዌሩ ያለ ኩባንያ ውድቀትም ያረጃል። ካት ቢ15 በ2013 (እ.አ.አ) ሲወጣ የተጫነበት አንድሮይድ 4.1 ነበር። ዋትስአፕ ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች ባሉ ስልኮች ላይ መሥራቱን አቁሟል። ስለዚህ ያ ስልክ ዛሬ ከግድግዳ ጋር ቢላተም አንዳች አይሆንም፤ የቤተሰብ ድምፅ መልእክት ግን አይቀበልም።

በኢትዮጵያ ጉዳዩ የሚከብደው ስልክ የኪስ ቦርሳ ጭምር በመሆኑ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ከጀመረ ወዲህ ክፍያ መቀበልና መላክ ከስልክ ጋር ተቆራኝቷል። የአንድ ባጃጅ ሾፌር ወይም የእህል ነጋዴ ስልክ ሲዘጋ የሚቆመው ወሬው ብቻ አይደለም። አገልግሎቱ *127# በመደወል በባለ ቁልፍ ስልክም ስለሚሠራ፣ ብዙ ሰው አንድ ስማርት ስልክና አንድ ርካሽ ባለ ቁልፍ ስልክ መያዙ ከልማድ ያለፈ ብልሃት ነው። ውድ “አይበገሬ” ስልክ ከመግዛት ይልቅ ይህን የሚመርጥ ሰው ስሌቱ አልተሳሳተም።

ጥገናውም ሌላ ራስ ምታት ነው። የቴክኖ ስልኮች በሀገር ውስጥ መገጣጠም ከጀመሩ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ ለእነሱና ለተለመዱት የሳምሰንግ ሞዴሎች የሚሆን ስክሪንና ባትሪ በየከተማው ሞባይል ጠጋኝ ዘንድ አይጠፋም። በዘመድ እጅ ከውጭ ለሚመጣ ብርቅ ጠንካራ ስልክ ግን ያ የለም። ከአሜሪካ የሚመጡት አንዳንዶቹ ደግሞ በአንድ ድርጅት ሲም ካርድ ብቻ እንዲሠሩ የተቆለፉ ናቸው። ጠጋኙ ስልኩን ቢከፍተውም የፋብሪካውን ማሸጊያ በተራ ማጣበቂያ ሲተካው ስልኩ ይሠራል፤ ውኃ የማያስገባ መሆኑ ግን በዚያው ቀርቷል። ይህን ለደንበኛው በግልጽ የሚናገር ጠጋኝ ሊመሰገን ይገባል።

ባትሪ መቀየርና ውኃ መከላከል አብረው አይሄዱም የሚለው የአምራቾች ክርክር በራሱ ሙሉ አይደለም። በ2024 (እ.አ.አ) የወጣው የሳምሰንግ ኤክስከቨር 7 አይፒ68 ሆኖ ሳለ ባትሪው በተጠቃሚው እጅ ይወጣል። የአውሮፓው ደንብ ግን ቢያንስ አይፒ67 የሆነና ባትሪው ከ1,000 ጊዜ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ አቅሙን የሚጠብቅ ስልክ ባትሪው በተጠቃሚው እንዲቀየር አያስገድድም። ጠንካራ ስልክ የሚሠሩ ኩባንያዎች ማጣበቂያውን የሚተዉበት ምክንያት እምብዛም አይኖራቸውም።

ደንቡ በኢትዮጵያ ገበያ ላይ ሥልጣን ባይኖረውም መረጃው ግን ለሁሉም ክፍት ነው። በአውሮፓ የሚሸጥ እያንዳንዱ ስማርት ስልክ የመውደቅ መቋቋም ደረጃው ከ“ኤ” እስከ “ኢ”፣ የባትሪው ዕድሜ በቻርጅ ብዛት፣ የአቧራና የውኃ መከላከያ ቁጥሩ እንዲሁም ለጥገና ያለው ምቹነት በመለያ ወረቀቱ ላይ ይሰፍራል፤ ኅብረቱ ለሕዝብ ክፍት ባደረገው የምርቶች መዝገብም ይገኛል። በመርካቶ ወይም በባሕር ዳር ሱቅ የቀረበ ሞዴል በዚያ መዝገብ ካለ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ቁጥሮቹን ማየት ይችላል። ከሌለ በእጁ የሚኖረው የካርቶኑ ጽሑፍና የሻጩ ቃል ነው።