የዓረብ አገር ደመወዝ ወደ ቤት ሲመለስ

ከወሎ፣ ከጅማና ከአርሲ ገጠሮች እየተነሡ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌት፣ ወደ ዱባይና ወደ ቤይሩት ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ወጣት ሴቶች ብዙ መሆናቸው የታወቀ ነው። ዛሬም በብዙ ሥፍራ የገበሬ ማኅበር እየተባለ በሚጠራው የገጠር ቀበሌ ውስጥ፣ ልጅ ወይም እኅት ዓረብ አገር ያልላከ ቤት ፈልጎ ማግኘት የሚያስቸግርበት አካባቢ አለ። ስለ አሄዳቸውና በመንገድ ስለሚደርስባቸው መከራ ብዙ ተነግሯል። ይዘውት ስለሚመለሱት ገንዘብ ግን የሚመከረው ጥቂት ነው። ኮንትራቷን ጨርሳ ለመመለስ ሁለት ወር የቀራት ሠራተኛ፣ በእጇ ያለውን ሪያል እዚያው ዕቃ ትግዛበት፣ እዚያው ለመንዛሪ ታስረክበው፣ ወይስ እንዳለ ይዛው ትምጣ የሚለው ጉዳይ በስልክ ከእናትና ከወንድም ጋር ብቻ ይመከርበታል። ምክሩ የተበላሸ እንደሆነ ግን ክሱ የሚመጣው ወደ ማኅበሩ መሪዎችና ወደ አገር ሽማግሌዎች ነው።

ዕቃ መግዛቱን በቅድሚያ ማየት ይገባል። ከአራትና ከአምስት ዓመት በኋላ የምትመለስ ልጅ ባዶ እጇን ቤት መግባት አትወድም፤ ይህም የሚነቀፍ አይደለም። ለእናት ቀሚስ፣ ለአባት ብርድ ልብስ፣ ለታናናሾች ጫማ መግዛት ተገቢ ነው። ችግሩ የሚመጣው የዓመት ደመወዝ ወደ ምንጣፍ፣ ወደ ትልቅ ቴሌቪዥንና ወደ ወጥ ቤት ዕቃ ሲለወጥ ነው። ይህ ሁሉ ለአውሮፕላን ጭነት ይከፈልበታል፤ ከተፈቀደው መጠን ያለፈው ቀረጥ ይጠየቅበታል፤ መንደር ሲደርስ ደግሞ መብራት በሌለበት ቤት ውስጥ በጨርቅ ተሸፍኖ ይቀመጣል። ችግር ደርሶ ይሸጥ ቢባል የተገዛበትን ግማሽ አያወጣም። ወርቅ ከዚህ ይለያል። ወርቅ ዋጋውን ስለሚጠብቅ የገዛችው ልጅ ሙሉ በሙሉ ተሳስታለች ማለት አይቻልም። ሆኖም ለአሠራሩ የተከፈለው ገንዘብ ሲሸጥ የማይመለስ ስለሆነ፣ ጌጡ በረቀቀ ቁጥር ኪሳራው ይጨምራል። የሠርግ ጌጥ ሌላ፣ ገንዘብ ማስቀመጫ ሌላ መሆኑን ለይታ ብትገዛ ይበጃታል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው የመንዛሪው ነገር ነው። አሠራሩ ለማንም ስውር አይደለም። ልጅቱ ጅዳ ላይ ሪያሉን ለደላላ ትሰጣለች፤ ወንድሟ ኮምቦልቻ ላይ ብሩን ከነጋዴ ይቀበላል። ወረቀት የለም፤ ያለው የስልክ ቃል ብቻ ነው። ይህ መንገድ ለብዙ ዘመን የተመረጠበት ምክንያት ነበረው። እስከ ሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ሲመነዘር፣ በጥቁር ገበያ ዋጋው ወደ እጥፍ ይጠጋ ነበር። ያን ጊዜ በባንክ ያልላከችውን ሠራተኛ መውቀስ ቀላል ነው፤ የላቧን ግማሽ ተይ ማለት ግን ከባድ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ፣ የባንኩ ዋጋ በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ከፍ አለ፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ።

ይህ ለአንዲት ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ በሒሳብ ማየት ይቻላል። በወር 1,000 ሪያል እያገኘች ለሁለት ዓመት ሳታጎድል ያጠራቀመች ልጅ 24,000 ሪያል ይኖራታል። የሳዑዲው ሪያል ከ1978 ዓ.ም. ጀምሮ ከዶላር ጋር የተቆራኘ ሲሆን፣ 3.75 ሪያል አንድ ዶላር ነው። ስለዚህ በእጇ ያለው 6,400 ዶላር ይሆናል። በ57 ብር ሒሳብ 364,800 ብር ነው፤ በ100 ብር ሒሳብ 640,000 ብር ነው። በመካከሉ ያለው 275,200 ብር ከአንድ ጥማድ በሬ በላይ ይገዛል። በባንክና በጥቁር ገበያ መካከል የነበረው እጥፍ ልዩነት ዛሬ ስለሌለ፣ ባንክ ላቧን ይበላል ተብሎ የተለመደው ምክር ከጊዜው ጋር መታረም ያስፈልገዋል። ኢቃማ የሌላት ሠራተኛ ግን ጉዳይዋ የተለየ ነው። ሕጋዊ ወረቀት ስለሌላት በባንክ መላክ አትችልም፤ ስለዚህ ባንክ ብትጠቀሚ ይሻላል የሚለው ምክር ለእርሷ አይሠራም። ለእርሷ ሊባል የሚችለው ቢያንስ የብዙ ወር ደመወዝ በአንድ ሰው እጅ እንዳይከማች መጠንቀቅ ነው።

ገንዘቡን እስከ መመለሻው ቀን ድረስ ከአሠሪ ዘንድ ማስቀመጥ ከሁሉ የከፋ ነው። ለዚህም ቤይሩት በቂ ምስክር ናት። የሊባኖስ ሊራ ለሃያ ዓመት ያህል 1,507 ተኩል ለአንድ ዶላር ሆኖ ቆይቶ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ግን ወደቀ። በወር የ150 ዶላር ዋጋ ያለው 226,000 ሊራ ይታሰብላት የነበረች ሠራተኛ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ያው ሊራ በገበያው ላይ 25 ዶላር ያህል ብቻ የሚያወጣ ሆኖ አገኘችው። ያን ጊዜ አሠሪዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ደመወዛቸውን ሳይከፍሉ በአገራችን ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው እንደ ሄዱ ዓለም ያየው ነው። ይደርስሻል እየተባለ የተጠራቀመው ሊራ፣ ቢከፈላቸው እንኳ የልፋታቸው ዋጋ አልነበረም። ሪያል እንደ ሊራ አልወደቀም። ቢሆንም በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ዓረቢያ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። ከእነርሱ ብዙዎቹ ደመወዛቸውን ከአሠሪያቸው ለመቀበል እንኳ ጊዜ አላገኙም። የመመለሻውን ቀን ሠራተኛዋ ራሷ የማትወስንበት ጊዜ ስላለ፣ ስመጣ እመነዝረዋለሁ ብሎ ሁሉን ማከማቸት አያዋጣም። በየወሩ መላክ ይሻላል።

የሚላከው በማን ስም ነው? ለማኅበሩ መሪዎች ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው። ልጅቱ ስትሄድ በስሟ የባንክ ሒሳብ ስላልተከፈተላት ገንዘቡ በወንድሟ ወይም በአባቷ ስም ይገባል። ወንድም በዚያ ገንዘብ የቆርቆሮ ቤት ይሠራል፤ ቤቱ ያረፈበት መሬት በይዞታ ደብተሩ ላይ የተጻፈው በእርሱ ስም ነው። በሬውም ጥጃውም በእርሱ ደጅ ይታሰራል። ልጅቱ ስትመለስ በገዛ ገንዘቧ በተሠራ ቤት ውስጥ እንግዳ ሆና ትቀመጣለች፤ ከወራትም በኋላ እንደገና ፓስፖርት ፍለጋ ትሄዳለች። እንዲህ ያለው ጠብ ወደ ሽማግሌ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ «ወንድምሽ አይደለም ወይ?» የሚል ነው። ወንድምነቱን የካደ የለም፤ የተጠየቀው ገንዘቡ ነው። ስለዚህ ሴት ልጅ ከመሄዷ በፊት በስሟ የቁጠባ ሒሳብ መከፈቱን፣ ገንዘቡ ለቤት ወይም ለከብት መግዣ ሲውልም የማን እንደሆነ በምስክር ፊት በጽሑፍ መስፈሩን ማኅበሩ ሊያየው ይገባል። ይህ ሥራ ጠብ ከተነሣ በኋላ ከሚደረገው ሽምግልና ይቀልላል።

የመጨረሻዎቹ ወራት ደመወዝ በእጅ ይዞ መምጣት የተለመደ ነው፤ ነውርም የለበትም። በአየር ማረፊያ ለጉምሩክ ማስመዝገብ የሚገባውን ያህል ከሆነ አስመዝግቦ ወረቀቱን መያዝ ይገባል፤ በኋላ ባንክ ከየት አመጣሽው ቢል መልሱ ያ ወረቀት ነውና። ከአየር ማረፊያው ደጅ ቆመው «ምንዛሪ፣ ምንዛሪ» ለሚሉት መስጠት አይገባም። ሁሉንም በአንድ ቀን ወደ ብር መለወጥም ግዴታ መስሎ መታየት የለበትም። የብር የመግዛት አቅም ከዓመት ዓመት መቀነሱን ማዳበሪያ የሚገዛ ገበሬ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በ2016 ዓ.ም. የተደረገው ለውጥ ከውጭ ገንዘብ የሚደርሳቸው ሰዎች በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲከፍቱ ስለ ፈቀደ፣ በሬ የምትገዛበት ወይም ወፍጮ የምታስተክልበት ቀን እስኪደርስ ገንዘቧን በዚያ ማስቀመጥ ትችል እንደሆነ ከባንኩ ብትጠይቅ ይጠቅማታል። በሣጥን ማኖሩ ግን አይመከርም። ከሌባና ከእሳት ሌላ፣ በመስከረም 2013 ዓ.ም. የብር ኖቶች ሲለወጡ በቤታቸው ያከማቹ ገበሬዎች በሦስት ወር ውስጥ ወደ ባንክ ለማድረስ እንዴት እንደ ተሯሯጡ ገና አልተረሳም።

ባንኩም ቢሆን መታወቂያ ይጠይቃል። ከአምስት ዓመት በፊት የሄደች ልጅ የቀበሌ መታወቂያዋ ጊዜው አልፎበታል፤ አሁን ደግሞ ባንኮች ፋይዳ የሚባለውን ብሔራዊ መታወቂያ እየጠየቁ ነው። ጉዳዩ በገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሲደርስ «ሊቀ መንበሩ ስብሰባ ሄዷል፣ ማኅተሙ ከእርሱ ጋር ነው» እየተባለ ሁለትና ሦስት ሳምንት ያልፋል። በእነዚያ ሳምንታት ሪያሉ ከአልጋ ሥር ነው፤ ዘመድ ብድር ይጠይቃል፤ የከተማው ነጋዴም በራሱ ዋጋ ሊገዛት ቤቷ ድረስ ይመጣል። ለተመላሾች የሚሰጠው መታወቂያ በደረሱበት ሳምንት እንዲያልቅ፣ ማኅተሙን የሚይዝ ተተኪ ሰውም እንዲኖር ማድረግ ለአንድ ማኅበር የሚከብድ አይደለም። ልጁ በሁለት ወር ውስጥ የምትመለስለት አባትም ምን ምን ማስረጃ እንደሚያስፈልጋት ከአሁኑ ጽሕፈት ቤቱን ጠይቆ በስልክ ሊነግራት ይችላል።