መርፌ፣ ወስፌና የእግር መኪና

አንባቢ ሆይ፤ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫና በፍኖተ ሰላም አልፎ ቡሬ የደረሰ ሰው ሁለት መንገድ ያገኛል፤ አንዱ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምቴ ይወስዳል። እንዲህ ባለ የመንገድ መገናኛ ከተማ ገበያተኛው ብዙ ነው፤ ገበያተኛ ባለበትም ልብስ ሰፊ አይታጣም። በሱቁ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን ዘርግቶ፣ ሜትሩን ባንገቱ አንጠልጥሎ፣ የከሰል ካውያውን ከጎኑ አስቀምጦ የገበሬውን ቁምጣ ሲሰፋ ይውላል። በቅርቡ ለመንግሥት ሥራ ወደዚህ አገር ተመድበው የመጡ እንደ ሆነ ይህን ሰው ሳያውቁት አይቀሩም፤ ከሰልባጅ ተራ የገዙትን ሰፊ ሱሪ በልክዎ ያደረገልዎ እሱ ነውና።

ዛሬ ላነሣልዎ የፈለግሁት ግን የሰፊውን ሳይሆን የመሣሪያውን ነገር ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የስፌት መኪና በሞላበት ዘመን፣ በእግር የምትረገጠው መኪና እስከ ዛሬ ከበረንዳው ላይ ያልተነሣችው ስለ ምንድን ነው? ድህነት ነው የሚል አይጠፋም። ይህ መልስ ግማሹን ብቻ የያዘ ይመስለኛል። መብራት በጠፋ ቀን ሥራ የማታስፈታ መሆኗም አንድ ነገር ነው። ዋናው ምክንያት ግን ባለቤቷ መኪናዪቱን ከእግር እስከ ራሷ የሚያውቃት መሆኑ ነው።

አሠራሯን እንመልከት። እግር መርገጫውን ሲያወዛውዝ ዘንጉ ትልቁን መንኰራኵር ያዞራል፤ ከዚያ የተነሣ የቆዳ ጠፍር ከላይ ያለውን ትንሹን መንኰራኵር ያሽከረክራል። ትልቁ አንድ ጊዜ ሲዞር ትንሹ ብዙ ጊዜ ስለሚዞር፣ ከአንድ ርግጫ ብዙ ስፌት ይገኛል። ትልቁ ብልሃት ያለው ግን መርፌዋ ላይ ነው። የእጅ መርፌ ቀዳዳው በጀርባው በኩል ሲሆን፣ የመኪና መርፌ ቀዳዳው ከጫፉ አጠገብ ነው። ክሩን ይዞ ጨርቁን ይበሳና ሲመለስ ከሥር ቀለበት ይሠራል፤ በዚያ ቀለበት ውስጥ የታችኛው ክር ያልፋል፤ ሁለቱ ክሮች በጨርቁ መካከል ይተሳሰራሉ። አሜሪካዊው ኤልያስ ሃው እንዲህ ላለው መኪና የፈጠራ መብት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1846 ነው፤ ስሙ በየአገሩ የመኪናው ስም እስኪመስል የታወቀው አይዛክ ሲንጀር ደግሞ በ1851 የራሱን አወጣ። ከዚያ ወዲህ የመሠረቱ አሳብ አልተለወጠም። ስለዚህ የቡሬው ሰፊ ጠፍሩ ቢበጠስበት ጫማ ሰፊው ይቀጥልለታል፤ መርፌው ቢሰበር ራሱ ይለውጠዋል፤ ዘይቱንም ራሱ ያጠጣታል።

መኪና ሁሉ የሰውን እጅ ሥራ ያስፈታል እያለ ይሟገት የነበረው የሕንዱ ማሕተመ ጋንዲ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1924 በዚሁ ጉዳይ ሲጠየቅ የሲንጀርን የስፌት መኪና ከነቀፌታው ለይቶ አውጥቷታል። ሲንጀር ለሚስቱ ድካም አዝኖ እንደ ሠራት ያምን ነበር። (ነገሩስ እንዲያ አይደለም፤ ሲንጀር የሠራት ትርፍ ፈልጎ ነው። የጋንዲ ፍርድ ግን በዚህ አይፈርስም።)

ከእግር መኪናም የቀለለ መሣሪያ በየቤታችን አለ። በቋንቋችን «ስፌት» የሚለው ቃል ለልብሱም ለመሶቡም አንድ መሆኑን ልብ ብለውታል? እናቶቻችን ስንደዶና አክርማ ይዘው መሶቡንና ሰፌዱን የሚሰፉት በአንዲት ወስፌ ነው። ከላይ የሚደርቡት ጋቢም ጥጡ በመዳመጫ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ በእንዝርት ተፈትሎ ነው ከሸማኔው የደረሰው። እንዝርት ማለት ቀጭን እንጨትና አንዲት ክብ ናት፤ ከዚያ የሚበልጥ ዕቃ የላትም።

እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ወጣት ግን የሸሚዙ ቁልፍ ሲወልቅ በመርፌ ቁልፍ አያይዞ ቢሮ ይገባል። መርፌ አጥቶ አይደለም፤ መርፌ ይዞ መታየቱ ነውር ስለሚመስለው ነው። ይህ የቆየ በሽታችን ነው። ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ፣ አንጥረኛውን ቀጥቃጭ እያለ የሚሰድብ በዝቶ ስለ ነበረ፣ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጀዋል። ዐዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ጓደኛው ቁልፍ ሲተክል አይቶ የሚሥቅ ጸሐፊ ግን ዛሬም አለ። ወር ሳይሞላ ደመወዙ የሚያልቅበትም ይኸው ሠቂው መሆኑን ታዝቤአለሁ።

ቁልፍ መትከል እንዲህ ነው። ክሩን ደርበው በጧፍ ላይ ሳብ ሳብ ያድርጉት፤ ሰም የነካው ክር አይወሳሰብም፣ ቶሎም አይበጠስም። ጎጃም የማር አገር ነውና ሰም አያጡም። በቁልፉና በጨርቁ መካከል የክብሪት እንጨት አግብተው ክሩን አራት አምስት ጊዜ ያመላልሱ፤ ከዚያ እንጨቱን አውጥተው በቀረው ክር የቁልፉን አንገት ጠምጥመው ይቋጩ። ለወፍራም ኮት ይህ አንገት የግድ ነው፤ ያለዚያ ቁልፉ በተቈለፈ ቁጥር ጨርቁን እየሳበ ይቀደዋል።

ከዚህ አልፈው ያገለገለች የእግር መኪና ለመግዛት ያሰቡ እንደ ሆነ ቀለሟን አይመልከቱ። መንኰራኵሯን በእጅዎ ወደ ራስዎ ያዙሩት፤ ሳትንገጫገጭ መዞር አለባት። ቀጥለው በአቡጀዲ ቁራጭ ላይ ያሰፉና ጨርቁን ገልብጠው ይዩ። ከሥር ያለው ክር ቀለበት ቀለበት እየሠራ የተንጠለጠለ እንደ ሆነ የላይኛው ክር ላልቶ ሊሆን ስለሚችል አይደንግጡ፤ ማጥበቂያውን በመጠኑ በማጥበቅ የሚስተካከል ነው። ጨርቁን ከሥር የሚገፉት ጥርሶች ተበልተው ጨርቁ አልሄድ ካለ ግን ሻጩን አመስግነው ሌላ ይፈልጉ።