አምስት ጆግና አንድ ባቄላ

ባለፈው እሑድ የእድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ነበር። እኔ ከእድር ቤት እንዲህ ደስ ብሎኝ የወጣሁበትን ቀን አላስታውስም።

ዳኝነቱን ለብዙ ዓመት የያዙት አዛውንት ጉልበቴ ደከመ ብለው ለቀቁ። ማን ይተካቸው ሲባል ከቡራዩ የላይኛውም የታችኛውም ሰፈር ጥቆማ መጣና አምስት ስም ተመዘገበ። ከአባላቱ ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ ስለማይችሉ ጸሐፊው ከመጋረጃ ጀርባ አምስት የፕላስቲክ ጆግ ደረደረ፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ነጭ። የየትኛው ጆግ ባለቤት ማን እንደሆነ በአማርኛም በኦሮምኛም ሦስት ጊዜ ተነገረ። ከዚያ ለእያንዳንዱ አባል አንዳንድ ባቄላ ታደለ። ባቄላው የጆጉን ቂጥ ሲመታ ድንኳኑ ውስጥ ለተቀመጥነው ሁሉ ይሰማል፤ የትኛውን ጆግ እንደመታ ግን ማንም አያውቅም።

143 ባቄላ ተቆጠረ። አንደኛው 46፣ ሁለተኛዋ 38፣ የቀሩት ሦስቱ 29፣ 19 እና 11 አገኙ። ጸሐፊው አሸናፊውን ለማወጅ ብድግ ሲል አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። አርባ ስድስት ሰው ወዷቸዋል፣ እሰየው። ዘጠና ሰባቱ ግን ሌላ ሰው ነው የፈለገው። እኔ ነገ ስሞት የሚቀብረኝ የአርባ ስድስት ሰው ዳኛ ነው?»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ሦስቱ ጆጎች ተነሡ፣ ሁለቱ ቀሩ፣ ባቄላው እንደገና ታደለ። በመካከሉ ሃያ ደቂቃ ያህል እረፍት ነበር። አንደኛ የወጡት ሰው ከሰፈራቸው ሰዎች ጋር ተቀምጠው ሻያቸውን ጠጡ። ሁለተኛ የወጡት ሴትዮ ግን ድምፅ አልሰጡኝም ብለው ወደገመቷቸው ሰዎች ሄዱ። ከታችኛው ሰፈር አዛውንቶች ጋር በኦሮምኛ፣ ከጉራጌ ነጋዴዎቹ ጋር በጉራግኛ (የት እንደተማሩት እንጃ)፣ ከእኛ ጋር በአማርኛ ስለ ድስቱ፣ ስለ ወንበሩ፣ መዋጮ ላጓደለ ሰው ምን እንደሚደረግለት ተነጋገሩ። በሁለተኛው ዙር 79 ለ61 አሸነፉ። ሦስት ሰዎች በመሀል ወደ ቤታቸው ሄደው ነበር።

ይህን ዓምድ የምትከታተሉ የድሮ ጠቤን ታውቁታላችሁ፦ ከግማሽ በላይ ድምፅ ያላገኘ ማሸነፍ የለበትም እላለሁ። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 54 በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያሸንፋል ይላል። አብላጫ ማለት ከሌሎቹ እያንዳንዳቸው መብለጥ እንጂ ከግማሽ ማለፍ አይደለም። አምስት ሰው ከተወዳደረ ከአንድ አምስተኛ ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ፓርላማ ሊያስገባ ይችላል። በ2002 ከ547ቱ መቀመጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ 545ቱን ሲወስዱ ለሌላ የተሰጠው ድምፅ ሁሉ የት ገባ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ዛሬም እጠይቃለሁ። ፕሬዚዳንት ሙላቱ ተሾመ በመስከረም 2009 ፓርላማውን ሲከፍቱ የምርጫ ሕጉ ይሻሻላል ሲሉ ሬዲዮኑ ሥር ተቀምጬ «በቃ ደረሰ» ብዬ ነበር። ያኔ የተወራው ግን ስለ ተመጣጣኝ ውክልና ነው፤ እሱም ቢሆን ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። ስለ ሁለተኛ ዙር ደፍሮ የሚናገር አልነበረም።

«ሁለት ጊዜ ምርጫ ለድሃ አገር ወጪ ነው» የሚሉኝ አሉ። ሴኔጋልም ሀብታም አይደለችም። በ2004 ፕሬዚዳንት አብዱላይ ዋድ በመጀመሪያው ዙር ወደ 35 በመቶ አግኝተው መሩ፤ ማኪ ሳል 27 በመቶ እንኳ አልሞላቸውም። በእኛ ሕግ ቢሆን ነገሩ እዚያው ላይ አልቆ ነበር። በሁለተኛው ዙር የተሸነፉት ተወዳዳሪዎች ከሳል ጎን ቆሙ፣ ሳል ወደ 66 በመቶ አገኙ፣ ዋድ ሽንፈታቸውን ተቀብለው ወጡ። ለዚያ የወጣው ገንዘብ ባክኗል የሚል ካለ ሥልጣን በሰላም ያልተላለፈበት አገር ስንት እንደከፈለ ይደምር።

የእህቴ ልጅ አትላንታ ነው የምትኖረው። በ2013 የገና ሰሞን ስደውልላት ምርጫ ላይ ነኝ አለችኝ። «በጥቅምት አልመረጣችሁም እንዴ?» አልኳት። ሕጉን የዚያን ቀን ነው ያስረዳችኝ። ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ለመወሰኛ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለቱ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት እንደገና ይገናኛሉ። ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ፐርዱ በጥቅምት 49.7 በመቶ አግኝቶ ነበር፤ የጎደለው የአንድ በመቶ ሲሦ እንኳ አይሞላም። ታኅሣሥ 27፣ ለገና ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጆን ኦሶፍ አሸነፈው። በዚያው ቀን ፓስተር ራፋኤል ዋርኖክ የጆርጂያ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር ሆኖ ተመረጠ። ያ ሕግ በ1960ዎቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲወጣ ከደጋፊዎቹ መካከል የጥቁሮች ድምፅ ተሰባስቦ አሸናፊ እንዳይሆን የፈለጉ እንደነበሩ አውቃለሁ። ክፉ ሐሳብ ነበራቸው። ሕጉ ግን ከእነሱ ዕድሜ አለፈ።

የእህቴን ልጅ ይበልጥ የገረማት ሌላ ነገር ነው። «ጋሼ፣ እዚህ እኮ እጩውንም የምንመርጠው እኛ ነን» አለችኝ። ጆርጂያ ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ የየትኛው ፓርቲ ነህ አይባልም። በቅድመ ምርጫው ቀን ሄዶ የዴሞክራቶቹን ወይም የሪፐብሊካኖቹን ወረቀት ስጡኝ ይላል፤ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የሚወስደው፣ የፓርቲ መታወቂያ ግን አይጠየቅም። ፓርቲው ማንን እንደሚያቀርብ የሚቆርጠው ጎረቤቱ ነው።

ያን ጊዜ ይህን ብዙም ልብ አላልኩትም ነበር፤ ሐሳቤ ሁሉ ሁለተኛው ዙር ላይ ነበር። እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጬ ግን ሐሳቤ ዞረ። እነዚያ አምስት ጆጎች ባይደረደሩ ኖሮ እናትየው ተነሥተው ምን ሊሉ ነበር?

የመጀመሪያ ድምፄን የሰጠሁት በ1979 ለብሔራዊ ሸንጎ ነው። ለአንድ መቀመጫ እስከ ሦስት እጩ ይቀርብ ነበር፤ ለማየት ምርጫ ይመስላል። እጩዎቹን የሚያቀርቡት ግን የዘመኑ ብቸኛ ፓርቲ ኢሠፓና በእሱ እጅ ያሉ ማኅበራት ነበሩ። ሦስት እንጀራ ከአንድ ምጣድ። እዚያ ላይ ሁለተኛ ዙር ብታደርግ፣ አሥረኛ ዙር ብታደርግ ያው ነው። በ2013ም ተቃዋሚዎቹ ኦፌኮና ኦነግ ከውድድሩ ውጪ ስለነበሩ በብዙ የኦሮሚያ ምርጫ ክልሎች ገዥው ፓርቲ ያለ ተፎካካሪ ነው የቀረበው። አንድ ጆግ ብቻ ካለ 50 ሲደመር 1 የሚለው ሕጌ ምን ይሠራል? መቶ በመቶ ይሞላል፣ ጸሐፊውም ያውጃል። ለዓመታት የጻፍኩት ከጓሮው በር ጀምሮ ነበር ማለት ነው። ከቤተ ክህነት እንኳ መማር ይቻል ነበር፦ በ2005 ፓትርያርክ ሲመረጥ 806 መራጮች ከአምስት አባቶች መካከል መረጡ፣ አቡነ ማትያስ 500 ድምፅ አገኙ። ከግማሽ በላይ ነው፤ አምስት ስምም ፊታቸው ነበር።

የእኛ የከተማዎቹ ነገር ከዚህም የባሰ ነው። በመላው አገሪቱ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነው፤ በዚያም 33 ተቃዋሚ ፓርቲዎች አልተሳተፉም። ያኔ የተወለደ ልጅ ዛሬ ጺም ሊያበቅል ነው። በ2015 ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ገላን፣ ለገጣፎ ለገዳዲ ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲባሉ፣ ከተማ ሆኜ አድሬ ክፍለ ከተማ ሆኜ ስነቃ፣ ባቄላ ይዞ ወደ እኔ የመጣ ሰው አልነበረም። ውሳኔው ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለውን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። እኔን የሚያመኝ አለመጠየቄ ነው። ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ውኃ የሚጠብቀው፣ መንገድ የሚረግጠው፣ ግብር የሚከፍለው ሰው ከንቲባውን በስም ጠቁሞ፣ ከግማሽ በላይ ሆኖ ቢመርጥ አገር አይፈርስም። ሰባተኛው ጠቅላላ ምርጫ ሲነሣ ሁሉም ስለ ፓርላማው ነው የሚያወራው፤ እኔ የወረዳዬን ወንበር ነው የማስበው።

የእሑዱ ጉባኤ ግን አንድ ነገር ጎድሎት ነበር፤ ሳልጽፈው ባልፍ ሕሊናዬ አያርፍም። ባቄላ ሲታደል ከድንኳኑ ጀርባ ባሉት አግዳሚዎች ላይ የተቀመጡት ተከራዮች ታልፈዋል። አንዲት ወጣት መምህርት እጇን አውጥታ «እኔ መዋጮዬን በየወሩ እከፍላለሁ፣ ድንኳንም እተክላለሁ። ባቄላ ለምን አልተሰጠኝም?» አለች። ደንቡ የቤት ባለቤት ነው የሚለው ተባለች። ተቀመጠች።

እንደ እሷ ያለው ስንት ነው? ሌሊት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአሸዋ ሜዳ፣ ከዓለም ገና፣ ከሱሉልታ ታክሲ ተጋፍቶ አዲስ አበባ የሚገባ፣ ማታ ለመኝታ ብቻ የሚመለስ፣ መታወቂያው አዲስ አበባ፣ ፍራሹ እዚህ የሆነ። የምርጫ ሕጉ በምርጫ ክልሉ ቢያንስ ስድስት ወር ኖረሃል ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ኖሯል፤ ግን አከራዩ ውል አልጻፈለትም፣ በምን ያስረዳል? የክርክሬን ሁሉ መነሻ እዚህ ላይ አጣሁት። ስለ ዙሩ ስንሟገት፣ ስለ ጆጉ ስንሟገት፣ ባቄላው ራሱ ለስንቱ እንዳልደረሰ አልቆጠርንም።

አዲሷ ዳኛችን ደንቡን እንድናሻሽል ሦስት ሰው መርጠዋል፤ አንዱ እኔ ነኝ። ሁለት አንቀጽ ጽፌያለሁ፦ እጩ በጉባኤው ፊት በማንኛውም አባል ይጠቆማል፤ ከግማሽ በላይ ያላገኘ አይሾምም። ሦስተኛው የተከራዮቹ ነው። አብረውኝ ከተመረጡት አንዱ «ነገ ጥለው ይሄዳሉ፣ ዕቃውን ለማን ይተዉታል?» እያለ ነው። ቅዳሜ ማታ እኔ ቤት እንሰበሰባለን፤ መምህርቷንም ጠርቻታለሁ።