ናቹራል ወይስ ሶሻል? ምክሩ ከ9ኛ ክፍል ይጀምር

እንደ ነገሌ ቦረና፣ ያቤሎ፣ ሞያሌና ፊልቱ ባሉ የአርብቶ አደር ቆላ ከተሞች 10ኛ ክፍልን የጨረሰ ተማሪ ለ11ኛ ክፍል ሲመዘገብ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፤ የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ፣ በተማሪዎች አጠራር ናቹራል ወይም ሶሻል። በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የሚቀመጥባቸውን ትምህርቶችም ሆነ በዩኒቨርሲቲ ሊገባባቸው የሚችላቸውን የትምህርት ክፍሎች የሚወስነው ይህ ምርጫ ነው። ቀድሞ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ተማሪው ከትምህርት ቤቱ ውጭ አቅሙን የሚመዝንበት ሚዛን ነበር። ፈተናው ከቀረ ወዲህ ግን ኃላፊነቱ በልጁ፣ በቤተሰቡና በትምህርት ቤቱ ላይ ወድቋል። ስለዚህ ምርጫው በምዝገባ ሰሞን በጥድፊያ የሚያልቅ ሳይሆን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መምህርና ወላጅ አብረው የሚመክሩበት ጉዳይ መሆን አለበት።

አንዳንዱ ተማሪ ጓደኛውን ተከትሎ፣ አንዳንዱ ደግሞ ሒሳብና ፊዚክስን ሽሽት ይመርጣል። «ሶሻል ይቀላል» የሚለው ግምት ግን በቁጥር ሲፈተሽ አይጸናም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን ከወሰዱት 896,520 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህ 22,936ቱ የተፈጥሮ ሳይንስ፣ 6,973ቱ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ናቸው፤ በተፈታኝ ብዛት ግን የሚበልጠው ሶሻል ነበር። «ጎበዞቹ ወደ ናቹራል ስለሚሄዱ ነው» የሚል ይኖራል፤ እውነትነት አለው። ቁጥሩ አንዱ መስክ ከሌላው እንደሚከብድ አያረጋግጥም። ሶሻል መሸሸጊያ አለመሆኑን ግን በግልጽ ያሳያል። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ በሁለቱም መስክ ይፈተናሉ፤ ኢኮኖሚክስም ያለ ግራፍና ያለ ስሌት አይሆንም። በሒሳብ የደከመ ልጅ የሚያስፈልገው ገና 9ኛ ክፍል ሳለ መታገዝ ነው።

እገዛው ከካርዱ ይነሳ። የክፍል ኃላፊው መምህር የልጁን የየሴሚስተሩን ውጤት ጎን ለጎን አድርጎ ቢያየው አማካዩ የሚሸፍነውን ያገኛል። አማካያቸው እኩል ከሆነ ሁለት ተማሪዎች አንዷ በባዮሎጂና በኬሚስትሪ ከሴሚስተር ሴሚስተር እየጨመረች፣ ሌላው በታሪክና በጂኦግራፊ ከፍ ብሎ በፊዚክስ እየወረደ ሊሆን ይችላል። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት መበደል ነው። «ናቹራል ለጎበዝ፣ ሶሻል ለሰነፍ» የሚለው አባባልም ከአካባቢው ፍላጎት ጋር አይገጥምም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ዝናብ ለአምስት ተከታታይ ወቅቶች ቀርቶ መንጋው ያለቀበት ቆላ የእንስሳት ሐኪምና የውሃ መሐንዲስ ይሻል። የከብትና የግመል ገበያን የሚያጠና ኢኮኖሚስት፣ በግጦሽ መሬት ጉዳይ የሚሟገት የሕግ ባለሙያም የዚያኑ ያህል ያስፈልገዋል።

«ቤተ ሙከራ በሌለበት፣ የፊዚክስ መምህር በማይበረክትበት ትምህርት ቤት ምን ምርጫ አለ?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይከብዳል። ምክር መምህርንም ሆነ ቤተ ሙከራን አይተካም። ነገር ግን ልጁ የጎደለውን በጊዜ ካወቀ ማካካሻ ይፈልጋል፤ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም ስንት ተማሪ የትኛውን መስክ እንደሚሻ አስቀድሞ ከተረዳ መምህር የሚመድበው በግምት አይሆንም። «አርብቶ አደሩ ወላጅ ስለ ትምህርት ምን ያውቃል?» ለሚሉም መልሱ አጭር ነው፤ ጊደር ሸጦ ልጁን ከተማ ቤት ተከራይቶ የሚያስተምር ሰው ገንዘቡ የት እንደሚደርስ የማወቅ መብት አለው፤ የልጁን ትጋትና ዝንባሌም ከማንም በላይ ያውቃል።

የቆላ ከተሞች ርዕሳነ መምህራን ሆይ፣ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን ወላጆች የመጀመሪያው ሴሚስተር ካርድ ሲታደል ጥሯቸው። በኦሮምኛም ሆነ በሶማልኛ፣ በሚገባቸው ቋንቋ አስረዷቸው። ወላጆችም የልጃችሁን ደረጃ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ትምህርት እንደበረታ፣ በየትኛው እንደደከመ ጠይቁ።