ያልተከፈለ የሕክምና ሂሳብና የችሎት ወጪ፦ መጨረሻ ላይ ከፋዩ ማን ነው?

ጌጃ ሰፈር ሲባል ብዙዎቻችን ቀድሞ ትዝ የሚለን የቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን ነው። በዚያው በልደታ ደግሞ የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት አለ። ገንዘቡን የተከለከለ ሰው አቤት የሚለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ውድ አንባቢ፣ ለመሆኑ ሕመምተኛ ያከመን ጤና ተቋም ሂሳቡን የሚከለክለው የመንግሥት አካል ሲሆን ምን ይደረጋል? ነገሩ የሐኪሞችና የጠበቆች ጉዳይ ይመስላል። መዘዙ ግን እርስዎ መድኃኒት ተቀብለው በሚወጡበት መስኮት ላይ ይደርሳል።

ዕዳው ከየት ይመጣል?

ዐቅም የሌለው ወገናችን ከአስተዳደሩ የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ ሂሳቡን ለጤና ተቋሙ መተካት ያለበት ወረቀቱን የሰጠው አካል ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅንም አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። አባሉ መዋጮውን አስቀድሞ ይከፍላል፣ ተቋሙ ያክማል፣ ከዚያ ሂሳቡን አዘጋጅቶ ለመድኅኑ ያቀርባል።

በሁለቱም መንገድ ሕክምናው ይቀድማል፣ ገንዘቡ ይከተላል። የሚዘገየውም እዚህ ላይ ነው። ሂሳቡ ተመርምሮ እስኪጸድቅ ጊዜ ይወስዳል፤ ድጎማው ዘግይቶ ይለቀቃል፤ መዋጮው ከሕክምናው ዋጋ ጋር አልመጣጠን ይላል። ተቋሙ ደግሞ ቀጣዩን መድኃኒት የሚገዛው ካለፈው ሂሳብ በተመለሰው ገንዘብ ነው። ስለዚህ ያልተከፈለ ሂሳብ ማለት ያልተገዛ መድኃኒት ማለት ነው። “ከውጭ ግዙ” የሚለው መልስ አንዱ ምንጭ ይኸው ነው።

ሕጉስ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገንዘብ ጠያቂው አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያዛል። ባለዕዳው ከዘገየ በዓመት 9 በመቶ ሕጋዊ ወለድ ይታሰብበታል። እስቲ አብረን እናስላ። አንድ ክሊኒክ 1,000,000 ብር ለአንድ ዓመት ቢያዝበት ወለዱ 90,000 ብር ነው። የዋጋ ንረቱ ግን በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ነበር። እንዲህ ባለ ዓመት ክሊኒኩ ወለዱን ጨምሮ ቢቀበል እንኳ የሚገዛው መድኃኒት ከቀድሞው ያነሰ ነው። ለባለዕዳው መዘግየት ሲያተርፈው፣ ለአካሚው ኪሣራ ይሆናል።

ለመክሰስም ገንዘብ ያስፈልጋል። የግል ወይም የቤተ ክርስቲያን ክሊኒክ በሚጠይቀው ገንዘብ መጠን የሚሰላ የዳኝነት ክፍያ አስቀድሞ ይከፍላል፤ ለጠበቃም ይከፍላል። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 462 መሠረት ወጪና ኪሣራን ማን ይሸፍን የሚለውን የሚወስነው ፍርድ ቤቱ ነው። ረቺው የኪሣራ ዝርዝሩን አቅርቦ ሊካስ ይችላል። ነገር ግን “ግራ ቀኙ ወጪና ኪሣራቸውን ይቻቻሉ” ከተባለ ረትቶም የጠበቃውን ዋጋ ከኪሱ ይሸፍናል።

በተቃራኒው ወገን የሚሟገተው በሕዝብ ደመወዝ የሚተዳደር ዐቃቤ ሕግ ነው። ተከሳሹ ተረትቶ ወለድና ኪሣራ ቢከፍልም የሚከፍለው ከግብር ወይም ከአባላት መዋጮ ነው። ያዘገየው ኃላፊ ከኪሱ አንድ ብር አይወጣም። የመንግሥት ሆስፒታል ወረዳውን ቢከስማ፣ ከአንድ ካዝና ለሁለት ተከራካሪ እንደ መክፈል ነው። ብዙዎች ከመክሰስ ይልቅ ደብዳቤ መጻፍን የሚመርጡት ወደው አይደለም።

በአውሮፓ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣው መመሪያ ለዚህ መልስ አለው። የመንግሥት አካላት በ30 ቀን፣ የሕዝብ ጤና ተቋማት ቢበዛ በ60 ቀን እንዲከፍሉ ያዛል። ከዘገዩ ከፍ ያለ ወለድ ይታሰባል፤ ቢያንስ 40 ዩሮ የማስከፈያ ወጪ ይጨመራል፤ ከዚያ የሚበልጥ ተገቢ የጠበቃ ወጪም ይጠየቃል። እንዲያም ሆኖ ጣሊያን የመንግሥት አካላቷ በጊዜ ባለመክፈላቸው በ2020 እ.ኤ.አ. በኅብረቱ ፍርድ ቤት ተረትታለች። ሕግ ብቻውን አይበቃም ማለት ነው፤ ሕግ ከሌለ ግን መጀመሪያውም የለም።

እኛስ?

ደጉ ሳምራዊ ቁስለኛውን ወደ እንግዶች ማረፊያ ወስዶ ብቻ አልተወውም። ለጠባቂው ሁለት ዲናር ሰጠ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣውንም ሲመለስ ሊከፍል ቃል ገባ። ርኅራኄው ሂሳብ መክፈልንም ይጨምር ነበር። ጠባቂው ገንዘቡን ፍለጋ ችሎት ለችሎት ቢንከራተት ኖሮ ለሚቀጥለው ቁስለኛ በሩን ይከፍት ነበር?

እንግዲህ የመድኅን አባል ከሆኑ በአባላት ስብሰባ ላይ ይህን ይጠይቁ፦ ለጤና ተቋማት ስንት ዕዳ አለብን? ከስንት ወር ጀምሮ? በውላችን ላይ የክፍያው ቀን ተቆርጧል? በወረዳ ወይም በመድኅን ጽሕፈት ቤት የምታገለግሉ ወገኖች ደግሞ፣ ጠረጴዛችሁ ላይ የተቀመጠው የሂሳብ ሰነድ የአንድ ሕመምተኛ መድኃኒት መሆኑን አስቡ። ዛሬ የምትፈርሙት ፊርማ ነገ ከሚመጣው የችሎት ወጪ ያድናል።

ጌታ ማስተዋሉን ይስጠን።